የፈተናው ፕሮግራም ከፈተናው ወረቀት እኩል ይመዝናል

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ የአንደኛው ሴሚስተር የፋይናል ፈተና ፕሮግራም የተለጠፈው ሐሙስ አመሻሽ ላይ ነበር፤ የመጀመሪያው ፈተና ደግሞ ሰኞ ጠዋት። ወረቀቱ ከትምህርት ክፍሉ ቢሮ አጠገብ ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ፣ ክብ ማኅተም አርፎበት፣ በአንዱ ረድፍ ላይ የመፈተኛው ክፍል ቁጥር በሰማያዊ እስክሪብቶ ተሰርዞ ሌላ ተጽፎበታል። ስድስት ኮርስ በአራት ቀን ውስጥ ተደርድሯል፤ ሰኞ ጠዋትና ከሰዓት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ረቡዕ ጠዋትና ከሰዓት፣ ሐሙስ ከሰዓት። ከፊት የቆሙት በደብተራቸው ጀርባ እየገለበጡ ለኋለኞቹ ጮክ ብለው ያነቡላቸው ነበር። ማንም አላጉረመረመም፤ ፕሮግራም እንደ ዝናብ ከላይ የሚመጣ እንጂ ሰው ቁጭ ብሎ የሚያወጣው ነገር መሆኑ ለአብዛኞቻችን አይታሰበንም ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት 2፡30 ላይ ለስታቲስቲክስ ፈተና ስቀመጥ በ24 ሰዓት ውስጥ ሦስተኛዬ ነበር። አንደኛው ጥያቄ የሁለት ናሙናዎችን አማካይ ሰጥቶ ልዩነታቸው በአጋጣሚ የመጣ መሆን አለመሆኑን እንድንፈትሽ የሚጠይቅ ሲሆን፣ ቅዳሜ ማታ በአንድ ባዶ ክፍል ውስጥ ለአራት ጓደኞቼ በጠመኔ እየጻፍኩ ካስረዳሁት ጥያቄ ጋር ከቁጥሮቹ በቀር ልዩነት አልነበረውም። ቀመሩን ጻፍኩት፤ ከዚያ በኋላ ግን የትኛው ቁጥር የት እንደሚገባ ማሰብ አቃተኝ። አንዱን መስመር ሦስት ጊዜ አንብቤ መጨረሻው ላይ ስደርስ መጀመሪያው ይጠፋብኝ ነበር። መምህሬ በደንብ አስተምሮኛል፣ ፈተናውም ካስተማረን ውጭ አልነበረም። የጎደለኝ እንቅልፍ ነበር፤ ውጤቴ ላይ የተመዘገበው ግን የስታቲስቲክስ ዕውቀቴ ነው።

ከዓመታት በኋላ መምህር ሆኜ በትምህርት ክፍላችን የፈተና ፕሮግራም አውጪ ኮሚቴ ውስጥ ስገባ ያ ማክሰኞ ከአእምሮዬ አልወጣም። ዛሬ የምጽፈውም ስለዚሁ ነው። የፈተና ፕሮግራም የመለኪያው አንድ አካል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሚዛኑ የተስተካከለ ሆኖ ሳለ የቆመበት ወለል ዘንበል ካለ ክብደቱ ትክክል እንደማይሆን ሁሉ፣ ጥንቃቄ የተደረገበት ጥያቄም ጥንቃቄ ባልተደረገበት ቀንና ሰዓት ከተሰጠ የሚለካው ሌላ ነገር ይሆናል። ስለዚህ በሁለት ፈተናዎች መካከል የሚኖረው ጊዜና ፕሮግራሙ የሚወጣበት ቀን ለትምህርት ክፍሎች በጎ ፈቃድ የሚተው ሳይሆን፣ በሴኔት ሌጅስሌሽን፣ ማለትም በዩኒቨርሲቲው የመተዳደሪያ ደንብ ላይ የሰፈረ የተማሪ መብት ሊሆን ይገባል።

ባነበብኳቸው ሌጅስሌሽኖች ላይ ስለ ፈተና የተጻፈው ጥቂት አይደለም። ተማሪው መታወቂያ መያዝ እንዳለበት፣ አርፍዶ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ፣ ሲኮርጅ የተገኘ ምን ቅጣት እንደሚጠብቀው፣ በሕመም ወይም በሐዘን የቀረ በስንት ቀን ውስጥ ማስረጃ አቅርቦ የሜካፕ ፈተና እንደሚጠይቅ በዝርዝር ተቀምጧል። አብዛኞቹ አንቀጾች ተማሪው የሚጠበቅበትን የሚናገሩ ናቸው፤ ከተቋሙ የሚጠበቀው ግን ብዙ ጊዜ «በአካዳሚክ ካላንደሩ መሠረት» በሚል ሐረግ ይታለፋል። ካላንደሩን ስንከፍት ደግሞ የምናገኘው የፈተናው ጊዜ የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን ቀን ብቻ ነው። በእነዚያ ሁለት ቀናት መካከል ምን እንደሚሆን የሚወስነው በሴሚስተሩ ማብቂያ ላይ ሥራ የበዛበት አንድ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ወይም ኮሚቴው ነው።

ጊዜው ለምን እንደሚጣበብ መረዳት ያስፈልጋል፤ ኃላፊዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ የተዛባው ካላንደር ለዓመታት ሲንከባለል ኖሯል፤ የባከነውን ለማካካስም ሴሚስተሮች እንዲያጥሩ ተደርጓል። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ እንዲሰጥ ሲወሰን ነባር ተማሪዎች ዶርሙን ለተፈታኞች መልቀቅ ነበረባቸው፤ ከዚያ ወዲህ የብሔራዊ ፈተናው ቀን የዩኒቨርሲቲውን ቀን ይገፋል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የመውጫ ፈተና በሀገር አቀፍ ደረጃ ተጀመረና ተመራቂ ተማሪዎች ለእርሱ የሚዘጋጁበት ጊዜም ከሁለተኛው ሴሚስተር ተቆርጦ የሚወጣ ሆነ። እያንዳንዱ ውሳኔ የራሱ ምክንያት አለው። ነገር ግን ሳምንታት ሲጠፉ ከየት እንደሚቀነሱ ልብ እንበል። ኮርሱ የሚጠይቀው የክሬዲት ሰዓት በወረቀት መሟላት ስላለበት ከማስተማሪያው ጊዜ ላይ መቀነስ ያስጠይቃል፤ ማንም የማይጠይቅበት ለጥናትና ለፈተና የተያዘው ጊዜ ነው። አሥር ቀን የነበረው ስድስት ይሆናል፣ ስድስቱ አራት። የጥናት ሳምንት የሚባለውም ያላለቁ ምዕራፎች መጨረሻ፣ የፕሬዘንቴሽንና የዘገየ ቴስት ማጠራቀሚያ ይሆናል።

በእኛ ሀገር ይህ ችግር የራሱ መልክ አለው። ተማሪው ኮርሶቹን አንድ በአንድ በሚመርጥበት ዩኒቨርሲቲ ፕሮግራም አውጪውን የሚያስጨንቀው የአንድ ተማሪ ሁለት ፈተናዎች በአንድ ሰዓት ላይ መግጠማቸው ነው። እኛ ዘንድ ግን አንድ ባች፣ አንድ ሴክሽን አብሮ ተመዝግቦ፣ አብሮ ተምሮ፣ አብሮ ይፈተናል። ስለዚህ ግጭት እምብዛም አይታይም፤ ግጭት ስለሌለም ፕሮግራሙ ጥሩ ነው ተብሎ ይታለፋል። የእኛ ሕመም መጠጋጋት ነው፣ እርሱ ደግሞ በሠንጠረዡ ላይ ቀይ ሆኖ አይበራም።

ግጭቱ የሚደርሰው በአንድ ወገን ላይ ብቻ ነው፤ ኤፍ ያገኙበትን ኮርስ ከታችኛው ባች ጋር አድ አድርገው፣ ማለትም በተጨማሪነት ተመዝግበው በሚወስዱት ላይ። ኮሚቴ ውስጥ በገባሁበት የመጀመሪያ ዓመት አንድ እንዲህ ዓይነት ተማሪ ፈተናው ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው ቢሮዬ መጥቶ፣ «መምህር፣ ሁለቱም ፈተናዎቼ ረቡዕ ጠዋት 2፡30 ናቸው፤ የትኛውን ልተው?» አለኝ። ጥያቄው እስከ ዛሬ ያመኛል፤ አንዱን መተው ግዴታው እንደሆነ አድርጎ ነበር የተቀበለው። ወረቀቱ ታትሞ ስለነበር በሁለቱ መምህራን መልካም ፈቃድ አንዱን ፈተና ከሰዓት በብቸኝነት ተፈተነ፤ ጠዋት ከወጣ በኋላ የተፈተኑት ልጆች እንዳይነግሩት ምሳውን ከአንድ ረዳት መምህር ጋር እንዲበላ ተደረገ። ቀድሞውኑ ወደ ኋላ የቀረ፣ ከሁሉ ይበልጥ ጊዜ የሚያስፈልገው ተማሪ ከሁሉ የከፋው ቀን ይደርሰዋል ማለት ነው።

የፈተና ፕሮግራም ማውጣት በሒሳብና በኮምፒውተር ሳይንስ ብዙ የተደከመበት ጉዳይ ነው። እያንዳንዱን ኮርስ እንደ ነጥብ ቁጠሩት፤ ሁለት ኮርሶች አንድ የጋራ ተማሪ እንኳ ካላቸው ነጥቦቹን በመስመር አገናኙ፤ ከዚያም በመስመር የተገናኙ ነጥቦች አንድ ዓይነት ቀለም እንዳይኖራቸው አድርጋችሁ ቀቡ። እያንዳንዱ ቀለም አንድ የፈተና ክፍለ ጊዜ ነው። በነጥቦቹ ብዛት ሥራው እጅግ ይከብዳል፤ በትንሹ ቀለም ለመጨረስ ሁልጊዜ ፈጥኖ የሚሠራ ዘዴ እስካሁን አልተገኘም። ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመን ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ማይክል ካርተር ከባልደረቦቹ ጋር ያወጣው የመጠጋጋት መለኪያ ነው። አንድ ተማሪ ሁለት ፈተናዎች በተከታታይ ክፍለ ጊዜ ከገጠሙት ፕሮግራሙ 16 ነጥብ ይቀጣል፤ ርቀታቸው ሁለት ክፍለ ጊዜ ከሆነ 8፣ ሦስት ከሆነ 4፣ አራት ከሆነ 2፣ አምስት ከሆነ 1። ከዚያ በላይ ከተራራቁ ቅጣት የለም። ድምሩ ያነሰ ፕሮግራም የተሻለ ነው።

የዚያን ጊዜውን የራሴን ፕሮግራም በዚህ መለኪያ አሰላሁት። በቀን ሁለት ክፍለ ጊዜ ቆጥረን ሰኞ ጠዋትን አንድ ብንል፣ ፈተናዎቻችን በ1ኛው፣ በ2ኛው፣ በ3ኛው፣ በ5ኛው፣ በ6ኛውና በ8ኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ነበሩ። በተከታታይ የገጠሙት ሦስት ጥንዶች 48 ነጥብ፣ በሁለት የተራራቁት ሦስቱ 24፣ በሦስት የተራራቁት ሦስቱ 12፣ በአራት የተራራቁት ሁለቱ 4፣ በአምስት የተራራቁት ሁለቱ 2፤ በጠቅላላው በአንድ ተማሪ 90 ነጥብ ይመጣል። እነዚያኑ ስድስት ኮርሶች በስምንት የሥራ ቀናት ውስጥ በእኩል ርቀት ብናስቀምጣቸውስ? ሰኞ ጠዋት፣ ማክሰኞ ከሰዓት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ዓርብ ከሰዓት፣ በቀጣዩ ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት፣ ረቡዕ ከሰዓት። አጠገብ ለአጠገብ ያሉት አምስት ጥንዶች እያንዳንዳቸው በሦስት ክፍለ ጊዜ ስለሚራራቁ ድምሩ 20 ብቻ ነው፤ የቅዳሜና የእሑዱን ዕረፍት ሳንቆጥር። አራት የሥራ ቀን ሲጨመር ቅጣቱ ከአራት አንድ እጅ በታች ወረደ። ይህን ለመሥራት ምንም ልዩ ሶፍትዌር አላስፈለገኝም፤ በኤክሴል ሠንጠረዥ ላይ ግማሽ ሰዓት በቂ ነበር።

ይህን ሐሳብ ሳቀርብ መጀመሪያ የሚነሣው ወጪ ነው። ተማሪው አራት ቀን በቆየ ቁጥር ካፌ ያበላል፣ ዶርም ያሳድራል፣ ውኃና መብራት ይወጣል። እውነት ነው፤ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎችን አራት ቀን መመገብ ቀላል ሒሳብ አይደለም። ይሁን እንጂ እነዚያው ተማሪዎች በሴሚስተሩ መጀመሪያ ምዝገባ ተጠናቆ ትምህርት እስኪጀመር ድረስ ያለ ሥራ የሚቀመጡባቸውን ቀናት ማንም ከዚህ ሒሳብ ውስጥ ሲያስገባ አልሰማሁም፤ የምንፈልጋቸው አራት ቀናት እዚያ አሉ። ሁለተኛው ክርክር የኢንቪጂሌተር (የፈተና ጠባቂ) እጥረት ነው። ይህኛው ግን ቆጥሮ ለተመለከተው አያስኬድም፤ የሚፈተኑት ኮርሶችና ክፍሎች ቁጥር ስላልተለወጠ የሚያስፈልገው ጠቅላላ የጥበቃ ፈረቃ ያው ነው፣ የሚቀየረው በስንት ቀን እንደሚከፋፈል ብቻ ነው። እንዲያውም በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚፈተኑት ባቾች ሲያንሱ አዳራሽ ይተርፋል፣ ተማሪዎችን አራርቆ ማስቀመጥ ይቻላል፣ ያ ደግሞ መኮረጅን ከየትኛውም ማስጠንቀቂያ ይበልጥ ይቀንሳል።

የበዓላትና የጾም ጉዳይ ራሱን የቻለ ትኩረት ይፈልጋል። የሕዝብ በዓል በሆነ ቀን ፈተና እንደማይሰጥ ሁሉም ያውቃል፤ ነገር ግን የበዓሉ ማግስት ጠዋት ፈተና ማድረግ በዓሉን ከማስቀረት ብዙም አይለይም። ጥምቀት ጥር 11 ቢውልም ከተራው ጥር 10 ነው፣ ታቦት አጅቦ ጥምቀተ ባሕር የሚያድር ተማሪም አለ። ዓርብ ጠዋት 4 ሰዓት ተጀምሮ እስከ 7 ሰዓት የሚዘልቅ ፈተና የጁምዓን ሶላት ያስመልጣል፤ በ2፡30 ቢጀመር ግን ችግሩ አይኖርም። ቅዳሜ የሚሰጥ ፈተና የሰንበት ቀናቸው ለሆነው አድቬንቲስት ተማሪዎች እምነታቸውንና ውጤታቸውን ያማርጣቸዋል። ረመዳንን በሚመለከት ደግሞ አስቀድመን ልንዘጋጅበት የሚገባ ነገር አለ። የረመዳን ወር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም እያለ ስለሚመጣ፣ በ2017 ዓ.ም. በየካቲት መጨረሻ የገባው ጾም በ2018 የሚገባበት ጊዜ የካቲት ሁለተኛ ሳምንት ገደማ ነው፣ በ2019 በየካቲት መግቢያ፣ በ2020 ደግሞ ጥምቀት ባለፈ በሳምንት ገደማ። ይህ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የአንደኛው ሴሚስተር ፋይናል የሚሰጥበት ወቅት ነው። ከሰዓት 8፡30 ተጀምሮ 11፡30 የሚያልቅ ፈተና ከጎሕ በፊት ጀምሮ ውኃ ላልቀመሰ ተማሪ የቀኑ ከባዱ ሰዓት ላይ ያርፋል። ከባድ የሚባሉትን ኮርሶች በዚያ ወር ወደ ጠዋት ማምጣት አንዲት ሳንቲም አያስወጣም።

ከበዓል በፊት ይፈተኑ ወይስ ከበዓል በኋላ የሚለውም እንዲሁ የእኛ ብቻ ጥያቄ አይደለም። ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እስከ 2009 ድረስ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ፈተና ይሰጥ የነበረው ከገና ዕረፍት በኋላ በጃንዋሪ ሲሆን፣ ተማሪዎቹ ዕረፍቱን በጭንቀት እንደሚያሳልፉ ለዓመታት ካመለከቱ በኋላ ወደ ዲሴምበር ተዛወረ። ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲም ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ተከተለው። ገናን ወይም ጥምቀትን ከቤተሰቡ ጋር ያሳለፈ፣ ደብተሩን ግን በቦርሳው ይዞ የሄደ ተማሪ ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

በሌላው ዓለም ካሉት ደንቦች ለእኛ ይሆናል የምለው አንድ ነው። በአሜሪካ በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ተማሪ በአንድ ቀን ወይም በ24 ሰዓት ውስጥ ሦስት ፋይናል ከገጠመው አንዱ እንዲዛወርለት የመጠየቅ መብት አለው፤ የትኛው መምህር እንደሚያዛውርለትና እስከ መቼ ማመልከት እንዳለበት ተጽፎ ተቀምጧል። እነ ስሚዝና ሃቨርፎርድ ኮሌጆች ተማሪው ራሱ የፈተናውን ቀን እንዲመርጥ እስከመፍቀድ ሄደዋል፤ ያ ግን ስለ ጥያቄው ለሌላው ላለመናገር በተማሪዎች ቃል ኪዳን ላይ የቆመ ሥርዓት በመሆኑ ቡድኖቻችን ሁሉ በቴሌግራም በተሳሰሩበት በዚህ ጊዜ ለእኛ የሚሠራ አይመስለኝም። በእስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆች የሚያውቁት ሌላ አሠራር አለ፤ ለአንድ ኮርስ «ሞዔድ አሌፍ» እና «ሞዔድ ቤት» የሚባሉ ሁለት የፈተና ቀናት ገና ከመነሻው በካላንደሩ ላይ ይሰፍራሉ፣ በመጀመሪያው ያልቀናው ወይም የቀረ በሁለተኛው ይቀመጣል። ደስ የሚል ሥርዓት ነው፤ ሁለት ሙሉ የፈተና ወቅት ማዘጋጀት ግን ካፌና ዶርም ለሚያስተዳድር ዩኒቨርሲቲ ዛሬ ከአቅም በላይ ነው። የሦስቱ ፈተና ደንብ ግን ነገ ሊጸድቅ ይችላል። እንዲያውም ባቹ አብሮ ስለሚፈተን ለእኛ ከአሜሪካኖቹ ይቀላል፤ ለአንዱ ተማሪ ሲስተካከል ለመቶ ሃያው ይስተካከላል።

የሚለጠፍበት ቀን ከዚህ ሁሉ አያንስም። ፕሮግራሙን በአምስተኛው ሳምንት ያወቀ ተማሪ ጥናቱን የሚከፋፍለው በመጨረሻው ሳምንት ካወቀው በተለየ መንገድ ነው፤ ከባዱ ኮርስ የመጀመሪያው ቀን ላይ እንደሆነ ካወቀ ቀድሞ ይጀምረዋል። የጎጃም ወይም የባሌ ተማሪ የአውቶቡስ ትኬቱን የሚቆርጥበትን ቀን ያውቃል፣ ወላጅም መቼ ገንዘብ እንደሚልክ ያውቃል። ከሁሉ በላይ ግን ስህተት ሲገኝ ለማረም ጊዜ ይኖራል። ረቂቅ ፕሮግራሙን በአድ ኤንድ ድሮፕ (ተማሪው ኮርስ በሚጨምርበትና በሚቀንስበት ጊዜ) ማብቂያ ሰሞን፣ የመጨረሻውን ደግሞ ቢያንስ ከፈተናው አራት ሳምንት በፊት ማውጣት የሚከብደው በየሴሚስተሩ ማን ምን እንደተመዘገበ ሬጅስትራር ዘግይቶ ሲያሳውቅ ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ በራሱ መስተካከል ያለበት ነገር ነው።

ባለፈው ሴሚስተር በትምህርት ክፍላችን ረቂቁን በአምስተኛው ሳምንት ለጠፍን፤ በተወካዮቹ በኩልም ለየባቹ የቴሌግራም ቡድን ተላከ። ከሠንጠረዡ አናት ላይ በመጀመሪያ ያሰፈርነው የባቾቹን ኮርሶች ሳይሆን አድ ያደረጉትን አሥራ አንድ ተማሪዎች ዝርዝርና ከየትኛው ባች ጋር ምን እንደሚወስዱ ነበር። ያም ሆኖ አንዷ አመለጠችን። በስድስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ቢሮ መጥታ በስልኳ ያነሣችውን የፕሮግራሙን ፎቶ እያሳየች፣ የሁለተኛ ዓመት አካውንቲንግና የሦስተኛ ዓመት ፋይናንስ ፈተናዋ በአንድ ጠዋት መግጠማቸውን ነገረችን። ድምፅዋ የተረጋጋ ነበር፤ ፈተናው ገና አሥር ሳምንት ይቀረዋል። የአካውንቲንጉን መምህር ደወልንለት፣ የባቹን ተወካይ ጠየቅነው፣ ሁለት ረድፎችን አቀያየርን፣ የመጠጋጋት ነጥቡን እንደገና ደምረን አለመጨመሩን አየን። ከገባች እስክትወጣ የፈጀው ከዐሥራ አምስት ደቂቃ አይበልጥም።